ከላይ የመጣ ውሃ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የመጨረሻው መሥሪያ ቤቴ ሻይና ዳቦ አዘጋጅቶ ሸኘኝ። ብርድ ልብስና የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ፤ አላህ ይስጣቸው። ከዚያ አንድ ወጣት ኃላፊ ተነሣና ንግግር አደረገ። «ጋሽ ከድር በመቱም፣ በጎሬም፣ በያዮም ካነጠፉት ሁሉ አንድም የፈረሰባቸው ሥራ የለም» አለ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። የኔ ደም ግን ፈላ። ልጁ ክፉ አስቦ አይደለም፤ እሱ ያኔ ገና አልተወለደም። ቢሆንም ውሸት ነው። አንድ ሥራ ፈርሶብኛል። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነበር፤ ማን እንዳፈረሰውም አውቃለሁ። የያዝኩትን ዳቦ ሳልጨርስ ወጣሁ። ሰዓቱን ግድግዳ ላይ ሳልሰቅል ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

እኔ ድንጋይ አንጣፊ ነኝ። ግንበኛ የሚሉኝ አሉ፤ ግንበኛ ግን ድንጋይ ያቆማል፣ እኔ አስተኛለሁ። የቆመ ድንጋይ የሚፈራው ከላይ የሚጫነውን ነው፤ የተኛ ድንጋይ የሚፈራው ከሥሩ የሚገባውን ውሃ ነው። ይህን ልዩነት የማያውቅ ሰው የሰው ግቢ ውስጥ ዶማ ይዞ መግባት የለበትም። ስንቱ ገብቷል!

ከስልጤ አገር ወደ መቱ የመጣሁት አጎቴን በሱቅ ሥራ ላግዝ ነበር። ባንኮኒ ጀርባ መቆም አልሆነልኝም። ደንበኛ ሲከራከረኝ እሳደባለሁ። አጎቴ ተማረረና «ድንጋይ እንኳ ከአንተ ጋር አይስማማም» አለኝ። እኔም ከድንጋይ ጋር ተስማምቼ አሳየሁት። የወሰደኝ ሰው ጋሼ ገመቹ ነበሩ።

ጋሼ ገመቹ የዚያው የመቱ ዙሪያ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ደረቅ ያሉ፣ ትንሽ ወደ ፊት ጎንበስ የሚሉ። አማርኛቸው ጥሩ ነበር፤ ሲናደዱ ግን ወደ ኦሮምኛ ይሻገራሉ። ኦሮምኛዬን የተማርኩት ከስድባቸው ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ሥራችን የቤት መግቢያ ማንጠፍ ነበር፤ ከግቢ በር እስከ ቤት ደጃፍ፣ መኪና ያለውም በቅሎ ያለውም እንዲገባበት። ጎሬ ላይ ዳገቱ ያስለቅሰናል። ዳሪሙ ወርደን የሠራን ጊዜ ደግሞ መኪና ስለማይገባ ድንጋዩን የተሸከሙልን አህዮች ነበሩ። በንጉሡ ጊዜ ያሠሩን የነበሩት የቡና ነጋዴዎች ነበሩ። ደርግ መጥቶ ትርፍ ቤት ሲወረስ ነጋዴው አንገቱን ደፋ፤ መኪናም የሹም ብቻ ሆነ፤ ሲሚንቶም ያለ ፈቃድ አይገኝም ተባለ። እኛ ከድንጋይ ጋር ቀረን። ድንጋይ አልተወረሰም።

የጋሼ ገመቹን አመል ልንገራችሁ። ሰው ሥራ ሊሰጣቸው ሲጠራቸው ዋጋ አይናገሩም። «ዝናብ ሲዘንብ እመጣለሁ» ብለው ይሄዳሉ። ዝናቡ ሲጥል ሰው ሁሉ ወደ ቤት ሲሮጥ እሳቸው ፕላስቲክ ተከናንበው ወደ ሰው ግቢ ይሄዳሉ። መሐል ቆመው ውሃው ከየት እንደሚገባ፣ የት እንደሚያርፍ፣ በየት እንደሚወጣ ያያሉ። ያበዱ የመሰላቸው ሰዎች ነበሩ። «ቢሻን ከራ ኢሳ ሂን ደገቱ» ይሉኝ ነበር፤ ውሃ መንገዱን አይረሳም ማለታቸው ነው። ድንጋይ ሲመርጡ በመዶሻ መታ አድርገው ጆሮአቸውን ያስጠጋሉ። ጥርት ብሎ ከጮኸ ይወስዱታል፤ ድምፁ ከታፈነ «ይኼ ውሸታም ነው» ብለው ይወረውሩታል። ሥራው ሲያልቅ ጫማቸውን አውልቀው በባዶ እግራቸው ከላይ እስከ ታች ይሄዱበታል። ዓይን ያላየውን ጉብታ ተረከዝ ያገኘዋል። ደንበኛን ደግሞ «ምን ይፈልጋሉ?» ብለው አይጠይቁም። «ምን ያልፍበታል?» ነው የሚሉት። ጭነት መኪና ከሆነ ሌላ ድንጋይ ነው፤ በቅሎ ከሆነ ሌላ፤ እንስራ ያዘለች ሴት ከሆነች ደግሞ ሌላ።

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት እትዬ አስካለ የሚባሉ ልብስ ሰፊ አስጠሩን። ባላቸው የሞቱባቸው፣ መቱ ውስጥ ከዋናው መንገድ በታች ተዳፋት ላይ የሚኖሩ ሴት ናቸው። ከመንገዱ እስከ ደጃፋቸው ያለው ቀይ ጭቃ ነው። በክረምት ጤነኛ ሰው እንኳ ዱላ ካልያዘ አይወርደውም።

«ምን ያልፍበታል?» አሏቸው ጋሼ ገመቹ።

«ልጄ» አሉ።

ልጃቸው ታደለ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። በዘመቻ ተወስዶ ከሰሜን ጦር ግንባር ሁለት እግሩን ከጉልበቱ በታች አጥቶ ተመለሰ። የሰጡት ባለ ጎማ ወንበር በቤቱ ጥግ ቆሟል። ለመውጣት ሲፈልግ ሰው ያዝለዋል። መታዘሉን ስለሚጠላ መውጣቱን ተወ።

እትዬ አስካለ ሥራ የሚያውቁ ሴት ስለነበሩ እኛን ብቻ አልነበረም የጠሩት። የግንባታ ሠራተኞች ማኅበር ሊቀ መንበር ዘለቀ ቀድሞን መጥቶ «ገረጋንቲ አፍስሰን እንደመድመዋለን፤ ቶሎ ያልቃል» ብሏቸዋል። ዘለቀ ከኔ ጋር በጋሼ ገመቹ እጅ የተማረ ነው። ሌላ አንጣፊ ደግሞ «የሶር ወንዝን ድቡልቡል ድንጋይ ደርድሬ ዓይን የሚማርክ አደርገዋለሁ» ብሏል። እትዬ አስካለ ሁለቱንም ነገሩንና «እርስዎስ ምን ይላሉ?» ብለው ጠየቁ።

«አላውቅም» አሉ ጋሼ ገመቹ። ይህን ቃል ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። «እንዲህ ላለ ጎማ አንጥፌ አላውቅም። የሚሄድበትን ሰው ልጠይቅ።»

ገባን። ታደለ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። «ምን ልታዩ መጣችሁ?» አለ ሳይዞር።

«ወንበርህን አውሰኝ» አሉት።

«ምኔን?»

«ወንበርህን። ልቀመጥበት።»

ከኩሽናው ጀርባ ካለው ሜዳ ላይ ሦስት ቁራጭ ቦታ አነጠፍን። አንዱን በገረጋንቲ፣ አንዱን በሶር ድቡልቡል፣ አንዱን በጥርብ ጥቁር ድንጋይ። በሲሚንቶ የመሥራት ነገርም ተነሥቶ ነበር፤ እትዬ አስካለ ሄደው ፈቃድ ቢጠይቁ «ሲሚንቶ ለልማት እንጂ ለግለሰብ ደጃፍ አይደለም» ብለው መልሰዋቸዋል። እግሩን የሰጠ ልጅ ደጃፍ ልማት አይደለም! ይሁን።

ጋሼ ገመቹ ወንበሩ ላይ ተቀመጡና «ግፋ» አሉኝ። በሶር ድንጋይ ላይ ስገፋቸው ባርኔጣቸው ወደቀ፤ ጥርሳቸው ተንቋቋ፤ «ወዮ አባኮ! ገደልከኝ!» እያሉ ጮኹ። ከውስጥ ሳቅ ሰማን። ታደለ በክንዱ እየተሳበ መስኮቱ ጋ ደርሶ ያየናል። እናቱ የስፌት መኪናቸውን ትተው ወጡ። ልጃቸው ከመጣ ጀምሮ ሲስቅ አልሰሙትም ነበር።

ከዚያ ራሱ ወጥቶ ሞከረው። ገረጋንቲው ላይ ጎማው ሰጠመ። ጥርቡ ድንጋይ ላይ ሲደርስ ወንበሩ ዝም አለ። ወደ ፊት ሄደ፣ ተመለሰ፣ ዞረ። «ይኼኛው» አለ። «ግን እዚህ ጋ ጥርስ አለው። ጎማውን ነከሰው።»

ጋሼ ገመቹ ጎንበስ ብለው በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። «እውነትህን ነው» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ከድር፣ ከዛሬ ጀምሮ ያንተም የኔም አለቃ ይኼ ልጅ ነው።»

ቁልቁለቱ ግን ቀጥ ብሎ ከወረደ ወንበሩን ይዞት ይሄዳል። መንገዱ ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዘ መውረድ ነበረበት። ለዚያ ደግሞ ጓሮው ውስጥ ያለው ቡና መቆረጥ አለበት። ጋሼ ገመቹ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ ቡና መቁረጥ ለመቱ ሰው ቀላል ነገር አይደለም።

«አባቱ የተከለው ነው» አሉ እትዬ አስካለ። ወደ ቤት ገቡ። አሻፈረኝ ያሉ መስሎኝ ነበር። መጥረቢያ ይዘው ወጡ። የመጀመሪያውን ግንድ ራሳቸው መቱት።

ያን በጋ ሠራን። አፈሩን ጠንካራው መሬት እስኪገኝ ቆፍረን አወጣን። ሻካራ ድንጋይ በቁመቱ አቁመን ደረደርን፤ ክፍተቱን በጠጠር አጠበቅን፤ በላዩ የወንዝ አሸዋ ደለደልን፤ ከዚያ ጥርቡን አስተኛን። አንዱ ድንጋይ ከሌላው ጋር ሲገጥም መሐላቸው ጥፍር አይገባም። ታደለ በየቀኑ ያለቀው ላይ እየወጣ ጎማው በነጠረበት ቦታ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል፤ እኔ እየነቀልኩ እንደገና አስተኛለሁ። ተናድጄበት አውቃለሁ? አዎ። «ንጉሥ ቢመጣ እንደዚህ አላነጥፍለትም» ስለው «ንጉሥ እግር አለው» አለኝ።

ሥራው ሲያልቅ ጋሼ ገመቹ ጫማቸውን አውልቀው ሄዱበት። ተረከዛቸው አንድም ጉብታ አላገኘም። ታደለም ማንም ሳይገፋው፣ እየተጠማዘዘ፣ በየመታጠፊያው እያረፈ ወጣና ዋናው መንገድ ላይ ደረሰ። እዚያ ጋሼ ሽኩር የሚባሉ የአገሬ ሰው ሱቅ ነበራቸው። ከሱቃቸው ጣሪያ ሥር ጠረጴዛ ሰጡት። በሳምንቱ ታደለ የሰው ሬዲዮ ከፍቶ አቧራውን እፍ ይል ነበር።

አሁን ወደሚያቃጥለው ነገር ልምጣ።

ከእትዬ አስካለ ቤት ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ከፍታው ላይ፣ ከቡና ነጋዴ የተወረሰ ቪላ አለ። አንድ የክፍለ ሀገሩ ሹም ይኖርበት ነበር። ስሙን አልጽፍም፤ ስሙ እንዲታወስለት አልፈልግም። ላንድሮቨሩ ሲወጣና ሲገባ ጭቃ ስለሚያስቸግረው የእኛን ሥራ አየና ጋሼ ገመቹን አስጠራ። እኔም የመሣሪያ ከረጢቱን ይዤ ተከተልኩ።

«እኔ የምፈልገው ሲሚንቶ ነው» አለ ሹሙ። «ከበሩ እስከ መኪና ማቆሚያው፣ ለስላሳ። ሲሚንቶው ይመጣል፤ አታስቡ።»

ለእትዬ አስካለ የለም የተባለው ሲሚንቶ ማለት ነው።

ጋሼ ገመቹ እንደ ልማዳቸው ዝናብ ጠብቀው ግቢውን አይተውት ነበር። «መልካም ነው ጓድ» አሉ። «አፈር ውሃ ይጠጣል፤ ሲሚንቶ ግን አይጠጣም። የግቢው ውሃ ሁሉ ተሰብስቦ ነው የሚወርደው። በጎን በኩል ቦይ ቆፍረን ወደ ገደሉ መምራት አለብን።»

«በየት በኩል?»

«በዚህ።»

«አበባዬን አቋርጦ? አይሆንም። ቦይ አልፈልግም።»

«ታዲያ ውሃው ወዴት ይሂድ?»

«ወደ ታች ነዋ! ውሃ ወደ ላይ ሲሄድ አይተህ ታውቃለህ?» ጠባቂዎቹ ሳቁለት።

«ከታች ሰው አለ ጓድ» አሉ ጋሼ ገመቹ።

ሹሙ ሲጋራውን እየለኮሰ «ከታች ሁልጊዜም ሰው አለ፣ ሽማግሌው» አለ።

ይህን ቃል እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ጋሼ ገመቹ ባርኔጣቸውን አደረጉ። «እኔ አልሠራውም» አሉና ወጡ። እኔ ከኋላቸው ስከተል ደረቴ ተነፍቶ ነበር። እንደዚያ ቀን በሙያዬ ኮርቼ አላውቅም።

ሥራውን ዘለቀ ወሰደው። ሄጄ ለመንኩት። «ዘለቀ፣ ያንን ቤት ታውቀዋለህ። ቢያንስ ቦዩን ቆፍር» አልኩት።

«ትእዛዝ ነው» አለኝ። «እኔ ባልሠራው ሌላ ይሠራዋል።»

«ሌላው ይሥራዋ! አንተ ለምን ትሆናለህ?»

«አንተ አለቃ ሆነህ ስለማታውቅ ነው።»

ሲሠራው አየሁ። አጥብቆ ደመደመ፣ ውሃ እያጠጣ በጆንያ ሸፈነ፣ እንደ መስታወት አለሰለሰው። ክፉ ሥራ ቢሠራ ኖሮ ሊቀለኝ ይችል ነበር። ጥሩ ሥራ ነበር። ጋሼ ገመቹ ያስተማሩትን ሁሉ፣ ከአንዷ ከቦዩ በቀር፣ አንድ ሳያጎድል ነው የሠራው። ያ ሲሚንቶ እስከ ዛሬ አልተሰነጠቀም። ባጠገቡ ሳልፍ እተፋለሁ።

ኢሉባቦር ዝናብ የሚያቆመው ትንፋሽ ሊስብ ነው። ያን ዓመት ትንፋሽም አልሳበ። አንድ ከሰዓት በኋላ እኔና ጋሼ ገመቹ ገበያው አካባቢ ስንሠራ ጩኸት ሰማንና ሮጥን። ከቪላው በር የወጣው ውሃ መንገዱን ተሻግሮ፣ እንደ ወንዝ ሆኖ፣ በእትዬ አስካለ በር ይገባ ነበር። ያን ጊዜ ታደለ ከሱቁ ወደ ቤቱ እየወረደ መሐል መታጠፊያው ላይ ደርሷል። ውሃው አሸዋውን ከሥር ጠርጎ ወሰደው። ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ተነሡ። የወንበሩ ጎማ ጉድጓድ ገባና ታደለ ተወረወረ፤ ወንበሩ እየተገለባበጠ ወደ ገደሉ ሄደ።

ጋሼ ሽኩር ሊያነሡት ሲሮጡ «አትንኩኝ!» ብሎ ጮኸ። «ማንም እንዳይነካኝ!» በክርኖቹ እየተሳበ፣ ጭቃው አፉ ውስጥ እየገባ፣ እስከ ቤቱ ደጃፍ ወረደ። እኛ በሁለት ጎን ቆመን አየነው። እናቱ እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ጋሼ ገመቹ ግን የፈረሰውን ሥራቸውን አንድ ጊዜ እንኳ አላዩትም። ፊታቸውን ወደ ቪላው አዙረው ዝናቡን በፊታቸው ይቀበሉ ነበር።

በዚያ ያበቃ ይመስላችኋል? ወሬው በከተማው ተሰራጨ። ሰው «የሹሙ ውሃ ነው ያፈረሰው» ማለት ጀመረ። ሹሙ ይህን ሲሰማ ምን አደረገ? የቀበሌ ስብሰባ አስጠርቶ ጋሼ ገመቹን አስከሰሳቸው። «የአብዮቱን ጀግና፣ አካሉን ለአገሩ የሰጠውን ወንድማችንን፣ በደካማ ሥራ አታለሃል» ተባሉ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ዘለቀን «አንተ ባለሙያ ነህ፣ መስክር» አለው። ዘለቀ ተነሣ። ጋሼ ገመቹን ላለማየት ጣሪያውን እያየ «ድልዳሉ ሳስቶ ነበር» አለ።

ሳስቶ ነበር! እኔ በእጄ የቆፈርኩት ድልዳል!

እኔ ያን ጊዜ አዳራሹ ውስጥ አልነበርኩም፤ ይህን በኋላ ነው የነገሩኝ። እኔ ታደለ ጋ ነበርኩ። «እዘለኝ» ብሎኝ ነበር። መታዘል ከሞት አብልጦ የሚጠላው ሰው «ከድር፣ እዘለኝና አዳራሹ ውሰደኝ» አለኝ። አዝዬው ስገባ ሕዝቡ መንገድ ለቀቀልን።

«ጀግና መሆኔን ዛሬ ገና መስማቴ ነው» አለ ታደለ ከጀርባዬ ላይ። ድምፁ ጆሮዬ ሥር ነበር። «እናቴ ሲሚንቶ ስትጠይቅ ጀግና አልነበርኩም። ያ መንገድ ደካማ አልነበረም። በየቀኑ የሄድኩበት እኔ ነኝ። ውሃው ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ፣ ወይስ ሁላችሁም ታውቃላችሁ?»

ሁሉም ያውቃል። ሁሉም እግሩን ያያል። እግር ያለው ሰው ሁሉ እግሩን ያይ ነበር።

«ጓድ ታደለ ስለታመመ ወደ ቤቱ ይወሰድ» አለ ሊቀ መንበሩ። የአብዮት ጥበቃዎች ጋሼ ገመቹን በክንዳቸው ይዘው አወጧቸው። በአጠገባችን ሲያልፉ «ዲሲ፣ ከድር» አሉኝ፤ ተው ማለታቸው ነው። ምን ላደርግ እንደነበር ከፊቴ አንብበውት ይሆናል። ምንስ ላደርግ? ሁለቱም እጆቼ ታደለን ይዘዋል።

ያን ክረምት ጋሼ ገመቹ በቀበሌው እስር ቤት እርጥብ መሬት ላይ ተኙ። ሲወጡ የያዛቸው ሳል አብሯቸው ወጣ። መዶሻ ማንሣት አቃታቸው። እኔ ደግሞ ቀጥሎ በመጣው በጋ አንድም የክፍያ ሥራ አልያዝኩም። ጋሼ ሽኩር «የኔ አጥር ለምን ቆመ?» ብለው የጎናቸውን አጥር በገዛ እጃቸው አፈረሱ። አዲሱን መንገድ ውሃው በማይደርስበት በእሳቸው ጓሮ አሳልፌ ሠራሁት። ድንጋዩን ከፍርስራሹ የለቀምኩት ነው። በስብሰባው ዝም ካሉት ሰዎች አንዳንዶቹ እየመጡ ድንጋይ አቀበሉኝ። አላመሰገንኳቸውም። ታደለ ከገደሉ ያወጣንለትን ወንበር ራሱ በሽቦና በብሎን ጠጋግኖ አስነሣው። ጋሼ ገመቹ ዱካ ላይ ተቀምጠው በዱላ እየጠቆሙ ይሰድቡኝ ነበር። ታደለ እንደገና ወደ መንገዱ ሲወጣ አዩት። የተከተለውን ክረምት ግን አላለፉም። ቀብራቸው ላይ ዘለቀ መጥቶ ሊጨብጠኝ እጁን ዘረጋ። እንደተዘረጋ ተውኩት። እስከ ዛሬም ለቅሶ ቤት ስንገናኝ አልጨብጠውም።

የደርግ የመጨረሻው ዓመት መጣ። አንድ ቀን ጋሼ ሽኩር ሱቅ ባትሪ ድንጋይ ልገዛ ቆሜ ሳለ ላንድሮቨሩ መጥቶ ቆመ። ሹሙ ራሱ ወረደ። ያለ ጠባቂ ነበር። በጨርቅ የተጠቀለለ ሬዲዮ ይዞ ታደለ ጠረጴዛ ላይ አኖረው።

«ጣቢያ አልይዝ አለኝ» አለ።

«የትኛውን ጣቢያ?» አለ ታደለ።

ሹሙ ግራ ቀኙን አየ። «ሁሉንም» አለ።

ታደለ ብሎኖቹን ፈታ። አቧራውን ጠረገ፣ የተበጠሰውን ሽቦ በየደው፣ አጭር ሞገዱን እያዞረ ጆሮውን አስጠጋ። ቸኩሎ አልሠራም፤ ሆን ብሎም አላዘገየም። እንደማንኛውም ሰው ሬዲዮ ሠራለት፣ እንደማንኛውም ሰው አስከፈለው። ሹሙ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሄደ።

እኔ የያዝኩትን ባትሪ ባንኮኒው ላይ ወርውሬ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ታደለን ሰላምታ እንኳ ነፈግሁት። በዚያ ጣሪያ ሥር ማለፍ አስጠላኝ። በመጨረሻ አላስችል አለኝና ሄድኩ።

«እጅህ እንዴት ታዘዘልህ?» አልኩት። «ጋሼ ገመቹን እርጥብ መሬት ላይ ያስተኛውን ሰው ሬዲዮ! ወላሂ፣ እኔ ብሆን በመዶሻ ነበር የምሠራለት!»

ታደለ ብየዳውን አስቀመጠ። «ጨረስክ?» አለኝ።

«አልጨረስኩም።»

«እጁን አየኸው?»

«የማንን?»

«የሱን። ብሎኑን ስፈታ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። የትኛውን ጣቢያ ፈልጎ እንደሆነ አውቃለሁ። የመንግሥት ዜና ሁሉም ድል ነው ይለዋል፤ እሱ የሚፈልገው ዛሬ የትኛው ከተማ እንደተያዘ ነው። ጦሩ ትግራይን ለቆ ወጣ፤ አማፅያኑ ወደ ጎንደር፣ ወደ ጎጃም መጡ፤ ነገ ወለጋ ይገባሉ። ከወለጋ ቀጥሎ ማን ነው?»

«እኛ።»

«እሱ» አለ ታደለ። «ሬዲዮው ባይሠራ ኖሮ አንድ ቀን ድንገት ይነግሩትና በዚያው ያልቅለታል። እኔ ግን እያንዳንዷን ከተማ በስሟ ይስማት ብዬ ነው። በየቀኑ። እየቀረበ ሲመጣ ይስማው። ከድር፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ሬዲዮ ተጠንቅቄ የሠራሁት የለኝም።»

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ወደ ቤቴ ስሄድ በዚያ በኩል ማለፍ ጀመርኩ። ከላይ ከቪላው፣ መጋረጃው ተዘግቶ፣ ዝቅ የተደረገ የሬዲዮ ድምፅ ይወርዳል። ቆሜ እሰማለሁ። አንድም ማጓራት የለበትም፤ የከተሞቹ ስም አንድ በአንድ ጥርት ብሎ ይሰማል። ታደለ ሥራውን ያውቅበታል።